የናቢል የመንግሥት ሥራ

ሰው አጥር ለአጥር እየኖረ "አላየሁም" ሲል ይገርመኛል። እኔ አያለሁ። ዓይን የተሰጠኝ ለምን ሆነና?

እዚህ ሰው አገር፣ ሴንት አልባንስ፣ ከጎኔ የሚኖረው ናቢል ቱኒዚያዊ ነው፤ መሐንዲስ። ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ በለቀምኳት ዐረብኛ እንግባባለን፣ የጎደለውን በእጅ። ኻልቲ ይለኛል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። በአገሩ የተማረው ሁሉ ሥራ አጥቶ ካፌ ይውላል አለኝ። አንድ ቡና ለአራት ይጋራሉ፤ ቡናውን የሚያመጣላቸውም እንደነሱው ባለ ዲግሪ ነው። ተነሡና መንግሥት ገለበጡ። መንግሥቱ ተቀየረ፣ ካፌው ግን እንደሞላ ቀረ።

እዚህ መጥቶስ? መጋዘን ውስጥ ካዥዋል ገባ። ጠዋት ስልኩ ላይ ቴክስት ከመጣ ሥራ አለ፤ ካልመጣ የለም። ያልመጣ ቀን መጥረጊያ ይዞ ይወጣል። ግቢውን ይጠርጋል፣ የእኔን ደጅ ይጠርጋል፣ ይባስ ብሎ መንገዱን ይጠርጋል። ሥራ የለመደ እጅ መቼ ይቀመጣል።

ጭንቁ ወዲህ ነው። እጮኛው ቱኒዝ ናት። አባቷ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ላልሆነ ልጄን አልድርም ያሉ ሰው ናቸው። ካዥዋል ምን እንደሆነ ቢያስረዳቸው፣ "ታዲያ ሥራ አለህ ወይስ የለህም?" አሉት። እስከሚመጣው በዓላችን ቋሚ ሥራ ካልያዝክ ለፖስታ ቤቱ ጸሐፊ እድራታለሁ ብለው ቆረጡ።

ይሄን ሲነግረኝ ደጄን እየጠረገ ነበር። መጥረጊያውን አየሁት። ካውንስሉ፣ የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ መንገድ ጠራጊ ይፈልጋል ሲባል ቸርች ሰምቼ ነበርና፣ እዚያ አመልክት አልኩት።

"ኻልቲ፣ እኔ መሐንዲስ ነኝ" አለኝ።

"በነጻ ስትጠርግስ ማን ነበርክ?"

ካውንስል ደግሞ መንግሥት ነው ወይ አለ። መኪናዬን ያለ ቦታዋ ሳቆም የሚቀጣኝ ማን ሆነና፤ የሚቀጣ ሁሉ መንግሥት ነው አልኩት። ልጄ ሜሮን "ማም፣ ሊቭ ሂም አሎን" ትለኛለች፣ ተይው ማለቷ ነው። እኔ ልተው? አፕላይ አድርጊለት አልኳት። አደረገች። ተቀጠረ፤ ያውም ቋሚ።

ለአባትየው በቪዲዮ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። ጠርቶኝ ነው፤ ባይጠራኝም አልቀርም። "መንገድ ክፍል ነኝ በል፣ በቃ" ብዬ መክሬዋለሁ። እሱ ግን ዩኒፎርሙን እንደለበሰ "መንገድ እጠርጋለሁ" አላቸው ቁርጡን። ሽማግሌው ዩኒፎርሙን ከላይ እስከ ታች አዩት። እኔም አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ለእኔ ብርቅ ነው።

"የመንግሥት ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"የመንግሥት።"

"ቋሚ?"

"ቋሚ።"

"ጡረታስ?"

"አለው።"

ሽማግሌው ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። "ወንድሟም እንዳንተው መሐንዲስ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለእሱ የሚሆን መጥረጊያ ይጠፋል?"

የተማረ ይግደለኝ ይላል ያገሬ ሰው። ለምን ይግደለኝ? ይጥረግልኝ እንጂ።