የአጃ ብስኩቴና «ጠግበናል» ያሉት እንግዶች

አጃ ገዛሁ ብዬ ለእናቴ በስልክ ብነግራት «ማን ወለደ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኛ ቤት አጃ የሚገዛው ወይ አራስ ሊጠየቅ ነው፣ ወይ ለታመመ ሰው አጥሚት ሊሠራ። ብስኩት ልጋግርበት ነው ስላት የሚበላው ጤነኛ ሰው መሆኑን አጣራች።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። የምንኖረው ሮማ ዳር፣ ሮማኒና በሚባለው ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የምንኖረው ስል ግን እኔ ነኝ። እናቴ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ትንከባከባለች፤ አዳሪ ስለሆነች የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ቤቱ የእኔና የመጻሕፍቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ ጨርሻለሁ። ዓይን አፋር ነኝ። ምን ያህል? አውቶቡስ ውስጥ «አሳልፉኝ» ማለት አፍሬ፣ መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ፣ በእግሬ የምመለስ ዓይነት። እናቴ ይህን ስትሰማ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ትለኛለች። እኔ ደጃዝማችነት መቼ ፈለግሁ? መውረድ ነበር የፈለግሁት።

አንድ አጥብቄ የምፈልገው ነገር ግን ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ ማንበብ ያስተምራል። አስተማሪዋ ወደ ሚላኖ ሄደችና ቦታው ክፍት ሆነ። ያንን ቦታ የተመኘሁትን ያህል ዲግሪዬን አልተመኘሁትም። ለማን ልንገር? ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ ለእትዬ አስናቀች ነገረች። እትዬ አስናቀች የልጆቹ ትምህርት ኃላፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ቤት ሠርተው የራሳቸውን ሦስት ልጆች ያስተማሩ፣ ሰውን በዓይናቸው የሚመዝኑ ሴት። ሐሙስ ከሰበካው ጸሐፊ ከአቶ ታደለ ጋር ቤት ድረስ መጥተው ሊያዩኝ ተስማሙ።

እንግዲህ ምን ይቀርብላቸዋል? የገና ጾም ነው። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ጣሊያን አገር ያለ እነዚህ የተሠራ ጣፋጭ መፈለግ ከዝንብ ማር መጠበቅ ነው። እኔ የቸገረኝን ሁሉ የምፈልገው መጽሐፍ ውስጥ ስለሆነ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁትን አንድ የምግብ መጽሐፍ አገላበጥሁ። የአጃና የኮኮናት ብስኩት አገኘሁ። አገሩ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ነው። እንቁላል የሚባል ነገር በዘሩ የለም። ድሮ ሩቅ ለዘመቱ ወታደሮች ይላክ ነበር ይላል መጽሐፉ፤ እንቁላል ስለሌለው ቶሎ አይበላሽም። ለእናቴ ስነግራት ወዲያው ገባት። «ስንቅ ነው በይኛ፣ የፈረንጅ ዳቦ ቆሎ።» ቅቤውን በዘይት ተካሁት። ብስኩቱ ኦርቶዶክስ ሆነ።

አሠራሩ አያስቸግርም። አጃ፣ የተፈጨ ኮኮናት፣ ዱቄትና ስኳር ትደባልቃላችሁ። ዘይትና ማር አብራችሁ ታሞቃላችሁ። እዚህ ቢካርቦናቶ የሚሉትን የመጋገሪያ ሶዳ በፈላ ውሃ በጥብጣችሁ ማሩ ላይ ስታፈሱት አረፋው ቱግ ብሎ ይነሣል። እኔ ማንኪያዬን ጥዬ ሸሽቻለሁ፤ እናንተ አትሽሹ። ከዚያ ሁሉንም ለውሳችሁ፣ አድቦልቡላችሁ፣ ትሪው ላይ አራርቃችሁ ትደረድራላችሁ። «አራርቁ» የሚለውን አንብቤዋለሁ። ግን ምን ያህል? እኔ ሰው ሲጠጋኝ የምደነግጥ ፍጥረት ነኝ፤ ብስኩቶቼ ግን ፎርኖው ውስጥ ሲሞቃቸው ተቃቅፈው አንድ ድፎ ሆነው ወጡ። ሁለተኛው ትሪ አማረ። ጠርዙ ቀላ ብሎ ኩርሽም የሚል፣ መሐሉ ለስለስ ያለ። ቤቱ የተጠበሰ ኮኮናት ሸተተ። አንዱን ቀምሼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ እንግዶቹ ደረሱ። እናቴ የለችም፤ የምትተካት የሽማግሌው ልጅ ዘግይታባታለች። አስቀመጥኳቸው፣ ሻይ ቀዳሁ፣ ትሪውን አቀረብኩ። እትዬ አስናቀች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አሁን በልተን ነው የመጣነው አሉ። አቶ ታደለም ጥግብ ብያለሁ አሉ።

እሺ አልኩና ትሪውን ይዤ ኩሽና ገባሁ።

ሳቁ፣ ይገባኛል። እንግዳ ካልተለመነ እንደማይበላ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሰው አልፈልግም ካለኝ ግን ደግሜ ለመጠየቅ አፌ አይፈታም። ደግሞ አስቡት እንጂ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል የማይቀምሱ ጿሚዎች፣ ከሥራ ወጥተው፣ ሜትሮውን እስከ መጨረሻው ተሳፍረው፣ አውቶቡስ ቀይረው አሥር ሰዓት ላይ ደረሱ። የት ነው የበሉት? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ አውቶቡሱ መዘግየት አወራን። ሽታው ከኩሽና በመጣ ቁጥር የአቶ ታደለ አንገት ወደዚያ ይዞራል። አንዴ ሆዳቸው ሲጮህ፣ የስልክ ጥሪ ይመስል ኪሳቸውን ዳበሱ።

እናቴ ስትገባ ባዶውን ጠረጴዛ አየች። ኩሽና ጠርታ ምን አቀረብሽላቸው አለችኝ። ጠግበናል እንዳሉኝ ነገርኳት።

«እና አነሣሽው?»

እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ከዚያ ትሪውን ይዛ ወጣች። በሞቴ አለች፤ አፈር ስሆን አለች፤ ገብርኤልንም ጠራች። አቶ ታደለ ስድስት በሉ። እትዬ አስናቀች «ለአፌ ያህል» ብለው ጀምረው አራት ጨረሱ። ከዚያ ፍርፋሪውን ከነጠላቸው ላይ አራግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማህሌት፣ ብስኩቱ ግሩም ነው። ልጆቹ ግን አናነብም ይላሉ። ያን ጊዜ እሺ ብለሽ መጽሐፉን ይዘሽ ኩሽና ልትገቢ ነው?»

ቦታው ከእጄ ሲወጣ ታየኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ትሪውን አንሥቼ እትዬ አስናቀች ፊት ቆምኩ። አንድ ይድገሙ አልኳቸው። በቃኝ አሉ። «በሞቴ» አልኩ። አሁንስ የእውነት ጠግቤያለሁ አሉ። ንቅንቅ አላልኩም። ትሪውን ወደ እጃቸው አስጠጋሁት። ወሰዱ። እያኘኩ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ቅዳሜ ነይ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ምክር ይወጣው ነበር፤ ዓይን አፋር ሆይ፣ ለምነህ ተጫን፣ የሚባል። ግን ቅዳሜ መጣ።

አንድ ትሪ ብስኩት ይዤ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ «በሞቴ»ን በልቤ ስለማመድ ነበር። ልጆቹ ወደ አሥራ አምስት ይሆናሉ። ትበላላችሁ ብዬ ሳልጨርስ ትሪው ባዶ ሆነ። ሮማ የተወለደ ልጅ መግደርደር አያውቅም። ደስ አለኝና መጽሐፉን አወጣሁ። እናንብብ አልኳቸው። «ኖ» አሉ በአንድ ድምፅ። በሞቴ አልኩ። ብሩክታዊት የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ተጨንቃ አየችኝና በጣሊያንኛ «አስተማሪ» ብላ ጠራችኝ።

«ማኤስትራ፣ ለምንድን ነው የምትሞቺው?»

ለካ እነዚህ ልጆች አይ ሲሉ አይ ማለታቸው ነው። ልክ እንደ እኔ። እኔን በግድ ማን አስነብቦኝ ያውቃል? ስለዚህ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁና ለራሴ ማንበብ ጀመርኩ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ግን እንዲሰማ። የጅብና የአህያ ተረት ነው። ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ፣ አህያዋም ማን ነው ስትል፣ መጽሐፉን አጠፍኩት።

ብሩክታዊት ከዚያስ አለች። ደክሞኛል አልኳት። ወንበሯን ጎትታ ተጠጋችኝ፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አይ፣ ይቅርባችሁ አልኩ። ብሩክታዊት ቃል እየፈለገች ጣሪያውን አየች፤ አገኘችው።

«በሞቴ፣ ማኤስትራ።»

ገና አንዴ መለመኗ ነው። በአንድ ልመና እሺ የሚል ማን አለ? መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ሁለተኛውን ጠበቅሁ።