መሳቢያ ውስጥ የከረመው ቼክ

ባንክ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። እኛ ደግሞ ከይሉኝታ ሌላ ብዙም የምናውቀው የለም። እዚህ ሲያትል ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚመክራችሁ ሰው ሞልቷል፤ "ከማውጣትህ በፊት ስልክህን ከፍተህ ባላንስህን እይ" ይላችኋል። ደህና ምክር ነው። ግን ስልኩ ላይ ከሚታየው ገንዘብ ስንቱ የሰው እንደሆነ ማን ይነግራችኋል?

እናቴ ያረፈች ጊዜ ሬኒየር ቢች ያለው ቤቴ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። አየር ማረፊያው አጠገብ፣ ዴ ሞይን የሚኖሩት ጋሽ ወልዱም መጡ። አየር ማረፊያው ውስጥ አውሮፕላን እያጸዱ ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ሲወጡ በር ላይ የሁለት መቶ ዶላር ቼክ እጄ ላይ አደረጉ። ወይ ጉድ! ስንት አውሮፕላን ተጠርጎ የተገኘ ገንዘብ ነው? ልመልሰው ብል ነውር ነው፤ ልመንዝረው ብል አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ ትልቅ ብልሃት የሠራሁ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ ወሸቅኩት። ለእሳቸው ማዘኔ ነበር እንግዲህ።

ከሦስት ወር በኋላ ባለቤቴ መሳቢያውን ስታጸዳ አገኘችው። "የሌላውን ሁሉ አስገብተህ የሳቸውን ብቻ ለይተህ ስታስቀር ናቅካቸው ማለት አይደለም?" አለችኝ። ደነገጥኩ። ንቀት ከተባለማ አለቀ፤ በማግስቱ ባንክ ሄጄ አስገባሁት። አስቀድሜ ደውዬ "ጋሽ ወልዱ፣ ገንዘቡ አለ?" ልበላቸው? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር?

በሳምንቱ ልጃቸው ሳባ ደወለች። እዚሁ ያደገች ናትና ነገር ማለሳለስ አትችልበትም። "ሶ፣ አባዬ ባንክ ኦቨርድራፍት አደረገ፤ ባንተ ቼክ" አለች፤ ሒሳባቸው ከባዶ በታች ወረደ ማለቷ ነው።

ለካስ ጋሽ ወልዱ ያንን ሁለት መቶ ዶላር "የሰው ገንዘብ ነው" ብለው ሳይነኩት ከርመዋል። የመኪናቸው ፍሬን ሲያስቸግር እንኳ መኪናዋን አቁመው በአውቶቡስ ሥራ ሄዱ እንጂ አልነኩትም። በመጨረሻ እሷው ናት "አባዬ፣ ቼኩ ጠፍቶበት ነው፤ ሊያስገባው አይደለም" ብላ አሳምና ፍሬኑን ያሠራቻቸው። ይሄኔ እኔ ከነቼኬ ከተፍ አልኩ። ባንኩም እንደኔው ደግ ሆኖ የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ ከፈለኝና እሳቸውን ቀጣ። በማግስቱ የመኪና ኢንሹራንሱ በየወሩ በራሱ በሚቆረጠው አውቶፔይ ሲወጣ ደግሞ ደገማቸው። የወሩ የቤት ኪራይ ጎደለ። እንዲህ አብቃቅተው የሚኖሩ ሰው፣ የእኔን ደግነት ብቻ በጀታቸው ውስጥ አላስገቡትም።

የቅጣቱን ገንዘብ በፖስታ ይዤ ዴ ሞይን ሮጥኩ። እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቁኝ። ጋሽ ወልዱ ፖስታውን ሳይነኩ ወንበር ሳቡልኝ።

"የለቅሶ ገንዘብ ይመለሳል እንዴ ልጄ?"

"ቅጣቱን ብቻ ነው ጋሽ ወልዱ። እኔ እኮ እንዳይጎዱብኝ ብዬ..."

"አውቃለሁ። እኔ ግን ሳታስገባው ስትቀር፣ ያመጣሁት አንሶብህ መስሎኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሳይህ እንኳ አፍሬ ዞር እል ነበር። አሁን ከባንክ ሲወጣ ባይ፣ ቅጣቱ ቢኖርም እፎይ አልኩ።"

የባንኩን ቅጣት ልከፍል ሄጄ፣ ሰውየው ሦስት ወር ሙሉ ከእኔ ሲሸሹ እንደከረሙ ሰምቼ ተቀመጥኩ። ፖስታውን አጠገባችን የነበረችው ሳባ ከእጄ ወሰደችው። ተመስገን፣ እሷ ይሉኝታ የላትም።

ከዚያ ወዲህ ቼክ የሚሰጠኝ ሰው ካለ፣ እያመሰገንኩ እዚያው ፊቱ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ባንክ አስገባዋለሁ። ስግብግብ ሆነ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉኝ።