ሦስት ወር ያጠጣሁት «ቄጤማ»

ፋሚሊ፣ ዛሬ ላም ፊት ተዋርጄ ነው የዋልኩት። የምሬን ነው፣ እውነተኛ ላም!

«የኔ ቄጤማዎች» እያልኩ ሦስት ወር ሙሉ ቪዲዮ ስለቅባችሁ የነበረውን ታስታውሳላችሁ አይደል? ጊንጆ ሰፈር፣ እኛ ጓሮ፣ በፕላስቲክ የደረደርኩት?

እሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ማኅበር የተራቆተውን ረግረግ መልሶ ቄጤማ ሊያለብሰው ነው። ችግኜ በማኅበሩ ታይቶ ካለፈ የችግኝ ጣቢያው ሥራ የኔ ነበር። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት መቀመጥ መሮኛል፣ ምን ልደብቃችሁ። ከረግረጉ ጭቃ ከነዘሩ አምጥቼ ፕላስቲኩን ሞላሁ። በቀለ። ለስላሳ፣ አረንጓዴ፣ ለካሜራ የተፈጠረ።

ዛሬ ጠዋት አባ ዱራ ሊያዩልኝ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ለቤት ክዳን ቄጤማ ሲያጭዱ የኖሩ የማኅበሩ ሽማግሌ ናቸው። ስልኬን አስተካክዬ ላይቭ ልገባ ስል አንዷን ነቅለው አገዳዋን በጣታቸው መሀል አንከባለሏት።

ተንከባለለች።

አጥሩ ጋ ለታሰረችው ለጎረቤት ላም ሰጧት። ላሟ አልተጠራጠረችም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ የሷ ነው» አሉኝ።

ለካ የቄጤማ አገዳ ሦስት ጎን አለው፣ በጣት አይንከባለልም! እኔ የማውቀው ለበዓል ታስሮ ተገዝቶ ሲጎዘጎዝ ነው። ከነሥሩ አይቼው አላውቅም። እናንተስ? አትዋሹ።

ከጭቃው ሌላ ነገር አልበቀለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። በቅሎ ነበር አልኳቸው፣ እጅ የሚቆርጥ ደረቅ አረም፣ በየቀኑ እየነቀልኩ እጥለው ነበር።

«የት ጣልሽው?»

እማዬ በአገጯ ወደ ቤቱ ጀርባ ጠቆመች። የልብስ እጣቢ የምትደፋበት ቦይ አለ።

የጣልኩት በሙሉ ሥር ሰዶ ጉልበቴ ደርሷል። አባ ዱራ አንዱን ሊያንከባልሉ ሞከሩ፣ እምቢ አላቸው።

«ማሻአላህ። ማነው ያሳደገው?»

«እኔ ውሃ ከመድፋት በቀር ምን አደረግኩ» አለች እማዬ።

በቃ። ሥራውን ለእማዬ ሰጧት።

እኔ ረዳቷ ሆኛለሁ። ሰኞ እንጀምራለን። ሁሉም ተፈቅዶልኛል፣ አረም መንቀል ብቻ ተከልክያለሁ።

እስከዚያው ግን፣ ከመሀላችሁ ላም ያለው አለ? በፍቅር ያደገ ሳር ነው።