ዶሮ ቤት የተሰቀለው ካፖርት

ዶሮ ሲመሽ ቤቷ አልገባም ካለች ሌላ ቤት የሚያበላት ሰው አለ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ነበር የማምነው። ስለ ባልም የማምነው ይህንኑ ነው፤ እሱን ግን በኋላ እመለስበታለሁ።

ባለቤቴ ሲሞት ስድስት ዶሮዎች ትቶልኝ ሄደ። አደራ እነሱን ብሎኛል፤ እኔን ለማን አደራ እንዳለ እስካሁን አልሰማሁም። በአርባው ልብሱን ሁሉ ለነዳያን ሰጥቼ፣ ባቡር ላይ ሲሠራ የሚለብሰውን ካፖርት ደበቅሁ። በድሬ ሙቀት ካፖርት ምን ይሠራል? ዶሮዎቹ ጠረኑ እንዳይጠፋባቸው ብዬ ማደሪያቸው ውስጥ ሰቀልኩት። ለእነሱ ብዬ ነው እንግዲህ፤ ለራሴማ ምን በወጣኝ!

ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ሞቱ። የቀሩት አራቱ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገረጣ፣ እንቁላልም አቆሙ። ሲመሽ ደግሞ ቤታቸውን ጥለው የጎረቤቴ የፋጡማ አጥር ላይ ይሰፍራሉ። ለምን የእሷ አጥር? ያውም ቀፊራ ገበያ ማሽላ የምትሸጥ ሴት!

ሄጄ አስለምደሽብኝ ነው አልኳት። አልተቆጣችም፤ ይህም አጠራጠረኝ። “አቦ ተይኝ! ወላሂ እንኳን ያንቺን ዶሮ የራሴንም ድመት አልቀልብ” ብላ እየሳቀች ተከተለችኝ። አንዷን ዶሮ ይዛ ክንፏን ገለጠች፣ ላባዋን እፍ ብላ ቆዳዋን አየች። ቅንቅን ነው አለች፤ ቀን ተደብቆ ይውልና ማታ ደማቸውን ይመጥጣል። የት ነው የሚደበቀው ስላት እጇን ቀጥታ ወደ ካፖርቱ! ይሄ ይቃጠል አለች። ተንኮሏ ያኔ ተገለጠልኝ፤ ሴትዮዋ የመጣችው ባሌን ልታቃጥልብኝ ነው።

እሷ እጅጌውን፣ እኔ ኮሌታውን ይዘን ተጓተትን። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አደራ ያለሽ ዶሮዎቹን ነው ወይስ ካፖርቱን ስትለኝ፣ እጄ በራሱ ለቀቀ።

ማደሪያውን ፍቀን በፈላ ውሃ አጠብነው፣ የእንጨቱን ስንጥቅ ላምባ ቀባነው፣ አመድ ከአሸዋ ቀላቅለን የሚንከባለሉበት አበጀንላቸው። ዛሬ አራቱም በሰዓታቸው ይገባሉ።

ካፖርቱን እሳት ላይ ከመጣሌ በፊት ግን ልማድ ሆኖብኝ ኪሱን ፈተሽኩ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ሲጠረጠር፣ ሲፈተሽ የኖረ ኪስ ነው፤ አንድም ቀን ምንም ተገኝቶበት አያውቅም። እጄን ሳወጣው ደም ጠግቦ የቀላ ቅንቅን እስከ አንጓዬ ይርመሰመስበታል።

ሳቄ ከእንባዬ ቀደመ። “አንተ ሰውዬ፣ ይኸው ከሞትክ በኋላ ተያዝክ!” አልኩት።