ሃያ አራት ነጥብ ስድስት

ሌሊቱን ሕልም አየሁ፤ ፍቺ እናውቃለን የምትሉ ሰዎች ለጊዜው ዝም በሉኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርኩበት የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ፍላስኮቹ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ለመግባት ተሰልፈዋል። እኛ ተማሪዎቹ ታጥበን መደርደሪያው ላይ ተዘቅዝቀናል፤ ውሃችን እስኪንጠፈጠፍ ይጠበቃል። የአሲዱ ጠርሙስ እኛ ተረጭተን ዓይኑን እንዳናጠፋው መነጽር አድርጓል። አንድ የጠርሙስ ብሩሽ መጥቶ ጆሮዬን ከውስጥ ይፈገፍገኝ ጀመር።

«በውሃ ብቻ ነው የታጠብከው?» አለኝ ፒፔቱ።

«አዎ።»

«በውሃ ብቻማ አይበቃም። በምትይዘውም ነገር መለቅለቅ አለብህ። ምንድን ነው የያዝከው?»

«አንዲት ቁጥር» አልኩት።

ይህን የመለቅለቅ ነገር ያስተማሩኝ ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። የላብራቶሪያችን ሠራተኛ ነበሩ። አሲድ የበሳሳው ነጭ ጋውን ይለብሳሉ፤ ቁልፎቻቸውን በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ታይትሬሽን ስንሠራ፣ ቀለሙ እስኪለወጥ ከረጅሙ የመለኪያ ቱቦ ከቡሬቱ ጠብታ በጠብታ ወደ ፍላስኩ ስናወርድ፣ ከኋላችን ቆመው «ግራ እጅህ የቡሬቱ ቁልፍ ላይ፣ ቀኝ እጅህ ፍላስኩ ላይ» ይሉናል። «ለቡሬቱ ጎንበስ በል እንጂ! ከላይ ቁልቁል የሚያነብ ሰው ይዋሻል።» ቀለሙ የቀይ ሽንኩርት የውስጥ ገለፈት ሲመስል፣ ሮዝ ነው አይደለም ብለህ ስትጠራጠር፣ ያኔ አቁም ይሉ ነበር። አንዲት ጠብታ ካለፈች የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በተግባር ፈተናው ቀን ጠብታዋ አለፈችኝ። ቸኩዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ፍላስኬ ቀይ ሥር መሰለ። ከጎኔ ከነበረችው ከስመኝሽ ደብተር ሃያ አራት ነጥብ ስድስት ብዬ ገለበጥኩ። ጋሽ ወንድይራድ ፍላስኩን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ መምህራችን ሳይደርስ ወስደው አጠቡት። ደፈንኩ፤ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። በዚያች ቁጥር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ይኸው ዛሬ እኔም የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። አንድ ቀን ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ጥቅምት ቀበርናቸው።

ወደ ሕልሜ ልመለስ። ስገባ ስሱ ሚዛን ከነመስታወት ቤቱ የርእሰ መምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አትተንፍሱ!» አለ። «እየፈረድኩ ነው።»

ፊት ለፊቱ ጋሽ ወንድይራድ አጭር ሱሪ ዩኒፎርም ለብሰው ተቀምጠዋል። ሽበታቸው እንዳለ ነው፤ እግራቸው ግን መሬት አይደርስም።

«ይህ ልጅ ፍላስክ አጥቦ ማስረጃ አጥፍቷል» አለ ሚዛኑ። «የማን ፍላስክ እንደሆነ ካልተናገረ ዛሬውኑ ይባረራል።»

«ረስቼዋለሁ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም፤ አያምርባቸውም።

«የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«እንግዲያው ሥራውና አሳየን። ልጁ የሚለቀቀው በትክክል ከሠራኸው ብቻ ነው። ደንባችንን ታውቃለህ፤ መጀመሪያ ውጤቱ ይጻፋል፣ ሥራው ከዚያ በኋላ ነው።»

በቡሬቱ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን አነበበ። «ሃያ አራት ነጥብ ስድስት» አለ። ፍላስኮቹ ተንሾካሾኩ።

ፍላስክ አመጡልኝ። ያው የኔው ነበር፤ ቀይ ሥር እንደመሰለ ማንም ሳያጥበው ኖሯል። ግራ እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ስከፍት ጠብታው ወደ ላይ ወጣ። ከፍላስኩ ተነሥቶ ቡሬቱ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ተከተለው። ጠብታ በተመለሰ ቁጥር ቀዩ ይሳሳል። ያለፈችኝ ጠብታ ልትመለስልኝ ነው! ደስታዬን ምን ልበላችሁ።

«ቲቸር፣ ቀስ» አሉኝ ጋሽ ወንድይራድ ከመቀመጫቸው።

«ኧረ ቲቸር አይበሉኝ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። ድምፃቸው ናፍቆኝ ነበር። የእርጥቡ ጠረጴዛ ሽታ፣ የቁልፎቻቸው ኳኳታ፣ ከፍላስኩ ሥር የሚያነጥፉልን ነጭ ወረቀት፣ ሁሉም ናፍቆኝ ነበር። «ጋሼ፣ ያን ቀን…»

«ወሬውን ተወውና ዓይንህን ከፍላስኩ አትንቀል። በቀኝህ አዙረው፣ አዙረው፤ ደርሰሃል።»

ሮዙ ሳሳ። ገለፈት ሊሆን አንዲት ጠብታ ቀረችው። ሚዛኑ እንኳ ትንፋሹን ዋጠ። ቁልፉን በሁለት ጣቴ ይዤ በጣም በቀስታ አዞርኩት።

«ጣቴን! ሰውዬ፣ ጣቴን ሰበርከው እኮ!»

ነግቷል። የባለቤቴን የትርሲትን አውራ ጣት ጠምዝዤ ይዣለሁ። ይቅርታ ጠይቄ ተነሣሁ፤ ለጋሽ ወንድይራድ ያላልኩት ይቅርታ ለጣት ወጣ።

ጠረጴዛው ላይ ዛሬ አርሜ የምመልሰው የተማሪዎቼ የተግባር ደብተር ተቆልሏል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ የተሰባበረ ዴስክ ማከማቻ ከሆነ ቆይቷል። ቡሬቱን በጠመኔ እስልላቸዋለሁ፤ ቁልፉን አየር ላይ አዞርላቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ደብተር ገለጥኩ። ሃያ አራት ነጥብ ስድስት ይላል። ሁለተኛውም ያንኑ ይላል። ስድሳ ሁለቱንም አገላበጥኩ። ማን ከማን ገለበጠ ብዬ እንዳልቆጣ፣ ባለፈው ማክሰኞ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩላቸው እኔው ነኝ።

«እንዴት ናቸው ልጆችህ?» አለችኝ ትርሲት ጣቷን እያሻሸች።

«ሁሉም ደፈኑ» አልኳት።