የአልበሙ ላም

ሰው የአገሩን ድምፅ ለመስማት ፓስፖርት ማውጣት አለበት? ዘፋኙ ጎረቤቴ ገመቹ አለበት ባይ ነው። ነቀምት ሳለ «እዚህ ምን መነሳሻ አለ?» እያለ ሲያማርር ኖሮ፣ አልበሙን ሊቀዳ ናይሮቢ ሄደ። የዚያ አገር ሙዚቀኞች ሰሙትና «ይሄንማ እኛም እንጫወተዋለን፤ ያንተ አገር ድምፅ የታለ?» አሉት። ደንግጦ ጉቶ ጊዳ ገጠር ላሉት እናቱ ደወለ፤ የላማቸውን ቃጭል በስልክ ቀድተው እንዲልኩለት። ላኩለት።

አልበሙ ሲወጣ ሰፈራችን ባኬ ጃማ ሌላ ወሬ አጣ። የተወደደው ግን ከዘፈኑ ይልቅ ቃጭሉ ነው። ገመቹ እናቱን ጭምር ቤቱ ጠርቶን፣ ያ ድምፅ ነፍሱን እንዴት እንደቀሰቀሰው ሲተርክ፣ እኔም እንደ አዋቂ አንገቴን እነቀንቅ ነበር። ግድግዳው ላይ በለጠፈው የአልበሙ ፖስተር የናይሮቢዎቹ ሙዚቀኞች ስም ተደርድሮ፣ ከሁሉም በታች «ቃጭል፦ የወለጋ ላም» ይላል።

እናቱ አዴ ጫልቱ ፖስተሩን አስነበቡኝ።

«ላም ነው የሚለው?» አሉ።

«አዎ አዴ፣ የእርስዎ ላም።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኢልማ ኮ፣ ላሚቱንማ ለአውሮፕላን ትኬትህ ሸጠናት የለ እንዴ? ቃጭሉን አንገቴ ላይ አስሬ ግቢውን የዞርኩት እኔ ነኝ።»