በቀጥታ ስርጭት ያልኩት አሜን

ሹመት መጀመሪያ የሚደርሰው ለተሿሚው ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። መጀመሪያ የሚደርሰው ለጎረቤት ነው፤ ከዚያ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ከዚያ ለባጃጅ ሾፌሩ። ተሿሚው ሁሉም ደስ ብሏቸው ከጨረሱ በኋላ ይሰማል። የእኔ ግን በተቃራኒው ተጀመረ። መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነበርኩ፤ ጥፋቱ ለባለቤቴ ለጫልቱ መንገሬ ነው። ለማንም እንዳትነግር አስምያት ነበር። እሷም ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገረችው። ያ አንድ ሰው ባለሱቁ ጋሽ ከድር ነበሩ።

እኔ የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የነቀምቴ ቅርንጫፍ የስፖርትና የዜና ኃላፊ ነኝ። ማዕረጉ ሲጠራ ደረት ያስነፋል፤ ክፍሉን ግን አንድ ካሜራማን፣ አንዲት ዜና አንባቢና እኔ ሞልተነዋል። ስፖርቱ ከዜናው ላይ ጥቂት ደቂቃ ሲፈልግ ኃላፊው ኃላፊውን ማስፈቀድ አለበት። ሁለቱም እኔ ስለሆንኩ ብዙ ጊዜ አንስማማም። እዚህ ወንበር ላይ የደረስኩት ከስታዲየም ድምፅ ማጉያ ተነስቼ ነው። ያኔ የተጫዋች ስም እጠራ ነበር፤ በመሀሉ የጠፋ ቁልፍ አስነግራለሁ፣ በሩ ላይ መኪና ያቆመ ሰው እንዲያነሳ እማጸናለሁ። እንግዲህ ስፖርትና ዜናን አጣምሬ መምራት የጀመርኩት ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ የነቀምቴና የዲጋ ቡድኖች የዋንጫ ጨዋታ በቀጥታ እንደሚተላለፍ ነገረኝ። ስርጭቱ በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ ካለቀ፣ ሜዳ ላይ በኦሮምኛ የሚባለውም ሳይጨመርና ሳይቀነስ ወደ አማርኛ ከተተረጎመ፣ በዋናው መሥሪያ ቤት ባዶ የሆነው ወንበር የእኔ ነው። ጫልቱ ይህን በሰማች ማግስት መጋረጃዎቻችንን ለጋሽ ከድር ሚስት መርቃ ሰጠች። አዲስ አበባ መስኮቱ ይለያል አለች። ቤታችን በዚያን ሳምንት ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ቀጥታ ስርጭት ሆነ።

አንድ ስጋት ብቻ ነበረኝ፤ ኦቦ ነጋሳ። ኦቦ ነጋሳ የከተማችን ሽማግሌ ናቸው። ነቀምቴ ውስጥ እሳቸው እርጥብ ሣር ይዘው ሳይመርቁ የሚጀመር ነገር የለም። ምርቃታቸው ከዝናብ ይነሳል፤ ከብቱን፣ ቡናውን፣ በቆሎውን፣ እርጉዟን፣ መንገደኛውን አዳርሶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ወፍጮ ቤት ሲመርቁ፣ እህል ያመጡ ሴቶች ቤታቸው ሄደው ምሳ አብልተው ሲመለሱ ገና ከብቱ ላይ ነበሩ። ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ አይቋረጥም። ማን ደፍሮ?

በጨዋታው ዕለት ጠዋት በባጃጅ ቤታቸው ሄድኩ። ሽማግሌን ምርቃት አሳጥሩ ማለት ነውር ስለሆነ በዙሪያው ዞርኩ። ስለ ሳተላይት ተናገርኩ፤ ስለ ዜና ሰዓት ተናገርኩ፤ ደቂቃ አዲስ አበባ ውስጥ እንዴት እንደሚከበር አስረዳሁ። ሰሙኝና፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ልቤ ራርቶ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ወንበሩን፣ መሄዴን፣ የጫልቱን መጋረጃ ሳይቀር። ለምርቃቱ ያሳጨዱትን ሣር ማሰር ጀመሩ። አዲስ አበባ የሄደ ልጅ የሚመለሰው ለለቅሶ ብቻ ነው አሉ። ከዚያ፣ ቶሌ፣ እሺ፣ አሳጥራለሁ አሉኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት የማውቀው ቢሆንም፣ ያን ቀን ትዝ አላለኝም።

እውነትም ቃላቸውን ጠበቁ። ሜዳው መሀል ቆሙ፤ እኔም ማይክሮፎኔን ይዤ አጠገባቸው ሆኜ ተረጎምኩ። ዝናቡ በወቅቱ ይዝነብ አሉ፤ አልኩ። ከብቱ ይርባ፣ ቡናው ያፍራ አሉ፤ አልኩ። አሸናፊው አይኩራ፣ ተሸናፊው አይክፋው አሉ፤ አልኩ። ሕዝቡ በየመሀሉ ሃ ታኡ፣ ይሁን እያለ ያስተጋባል። ሰዓቴን አየሁ፤ ገና ነው። በልቤ የአዲስ አበባውን ወንበር ከወዲህ ወዲያ ማሽከርከር ጀመርኩ።

ያኔ ኦቦ ነጋሳ ዞር ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ስለዚህ ልጃችን አሉ። እኔም ስለዚህ ልጃችን ብዬ ተረጎምኩ። ፈጣሪ ሆይ፣ አዲስ አበባ አትውሰድብን፣ እዚሁ አሳድግልን፣ እዚሁ ሹምልን፣ ፀጉሩ እዚሁ ይሸብት አሉ። ምን ላድርግ? ሌላ ነገር ብዬ ልተርጉም? ከተመልካቹ ግማሹ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፤ ደግሞስ የዜና ኃላፊ ነኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩት። ስታዲየሙ ሃ ታኡ ሲል ግን አፌ ከእኔ ቀደመና በማይክሮፎኑ አሜን አልኩ። አትፍረዱብኝ። ሽማግሌ ራሱን ይዞ መርቆት አሜን ያላለ ሰው፣ እንኳን በዙሪያችን ባለው በጉቶ ጊዳ ገጠር በነቀምቴ ከተማም አይገኝም።

ጨዋታው በሰዓቱ ተጀመረ፤ ዲጋ አሸነፈ፤ ዜናውም ደቂቃ ሳያዛንፍ ገባ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ደወለ። በጣም ነው ያመሰገነኝ። እንከን የለሽ ስርጭት ነው፣ ትርጉሙማ ልዩ ነው አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሽማግሌ ለምነው፣ ሕዝብ ይሁን ብሎ፣ አንተም ራስህ አገር እየሰማ አሜን ብለህ እኛ እንዴት አድርገን እናንሳህ አለኝ። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። ከመከፋቴ በታች ደግሞ የማላውቀው ደስታ ነበር፤ አትሂድብን ተብሎ በስታዲየም የተለመነ ስንት ሰው አለ?

ይህን ደስታ ግን ለጫልቱ እንዴት ብዬ ላስረዳት? ቤት ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቴሌቪዥን ፊት እንደተቀመጠ ነው። ጫልቱ ገና በሩን ሳልዘጋ ጀመረችኝ። ሰው እንዴት በገዛ እድሉ ላይ አሜን ይላል አለች። ትንሽ ዝም ብትል ምን ነበረበት አለች። አፍህን የሚይዝልህ ሰው ይቀጠርልህ ወይ አለች። አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ።

ይሄኔ ጋሽ ከድር ከጥግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የኔ ልጅ ጫልቱ፣ ቅድም ሽማግሌው ሲመርቁ እኛ አሚን ያልነው አንቺን ተከትለን አልነበረም እንዴ አሉ።